መጽሐፉ ሌላ፣ ሞተሩ ሌላ

ከዕቃ ጋር አብሮ የሚመጣ የመመሪያ መጽሐፍ በእኛ አገር ዕድሜው አጭር ነው። የቴሌቪዥኑ በሳምንቱ የልጅ ደብተር መለበጃ ይሆናል፤ የልብስ ማጠቢያው ከሰል ያቀጣጥላል፤ የስልኩ ከነካርቶኑ ይጣላል። ሰው እያለ ማን መጽሐፍ ያነባል? ጎረቤት አለ። ጎረቤት ባያውቅ የጎረቤት ወንድም ያውቃል። እሱም ባያውቅ አላውቅም አይልም፤ ይሞክራል። ዕቃው የእሱ ስላልሆነ የሚያሰጋው ነገር የለም።

እኔ ግን የመጽሐፍ ሰው ነኝ። የሞተር ሳይክሌን ማኑዋል ከነላስቲኩ፣ ከሊብሬውና ከጋብቻ የምስክር ወረቀታችን ጋር በአንድ ፋይል አስቀምጬዋለሁ። ባለቤቴ ፋይሉን ገልጣ አየችና «እኔን ከሞተር ጋር ነው የምታስቀምጠኝ?» አለችኝ። ሦስቱም የባለቤትነት ማስረጃ ናቸው ልላት ነበር፤ ነገሩ የት እንደሚያደርስ ስለገባኝ ዋጥ አደረግኩት።

ሞተሩ ቻይና ሠራሽ ነው። ባሕር ዳር የገባው በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ስትገድብ ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም ደወለና «ግቢ ውስጥ ቆሞ ዝናብ ከሚበላው አንተ ውሰደው» አለኝ። አመስግኜ፣ መርቄ፣ ስልኩን ልዘጋ ስል ዋጋውን ነገረኝ።

ዘይቱን ቤቴ የምቀይረው ገንዘብ ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። ጋራዥ ስወስደው ዘይቱ ከበርሜል በጆግ ተቀድቶ ይመጣል። ምን ዓይነት ዘይት እንደሆነ ስጠይቅ «አሪፍ ዘይት ነው ፋዘር» እባላለሁ። አሪፍ የሚባል የዘይት ደረጃ ማኑዋሉ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ከዚያ ደግሞ የማፍሰሻውን ብሎን የሚያጠብቀው ልጅ አለ፤ በእጁ ይጀምርና በእግሩ ይጨርሳል። የሞተሩ ሆድ አሉሚኒየም ነው፤ ብሎኑ ብረት ነው። ሁለቱ ሲታገሉ ማን እንደሚወድቅ የታወቀ ነው። ጥርሱ አንዴ ከተበላ ሞተሩ የሄደበትን መንገድ ሁሉ በጥቁር ጠብታ እየጻፈ ይሄዳል፤ የት እንደዋልኩ ለማወቅ ባለቤቴ መጠየቅም አያስፈልጋት።

ስለዚህ በገዛ ግቢዬ፣ ሞተሩን ጥቂት አሙቄ፣ ከሥሩ አሮጌ የልብስ ሳፋ ደቅኜ፣ ማኑዋሉን ብሎኬት ላይ ዘረጋሁ። የዘይቱ መጠን 1.1 ሊትር ነው ይላል።

ጣጣው ከዚህ ይጀምራል። የሞተር ሳይክል ዘይት በብዛት የሚሸጠው በ1 ሊትር ዕቃ ነው። 1.1 ለመሙላት ሁለት መግዛት፣ ከሁለተኛው ከአንድ የቡና ስኒ ትንሽ ከፍ ያለ ቀድቶ የቀረውን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ማኑዋሉን የጻፈው ሰው ዘይት የሚሸጥ አማች ሳይኖረው አይቀርም። ባለሱቁ ግን ምንም አልደነቀውም፤ «ሁሉም ሁለት ነው የሚወስደው» ብሎ ሁለቱን በፌስታል አሠረልኝ። እቤት መጥቼ አሮጌውን ዘይት አፍስሼ በባለቤቴ መለኪያ ጆግ ስለካው 1 ሊትር እንኳ አይሞላም። (ጆጉ አሁን የእኔ ነው፤ እንዴት የእኔ እንደሆነ ሌላ ጊዜ አወጋችኋለሁ።)

ይህን ጊዜ ጎረቤታችን ሻምበል በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። ሻምበል በሠራዊቱ ውስጥ ኡራል የሚባለውን የጭነት መኪና ሲነዱና ሲጠግኑ ኖረው በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ማንኛውንም ሞተር ከኡራል ጋር አስተያይተው ነው የሚንቁት።

«ምን እያነበብክ ነው?» አሉኝ።

«መጽሐፉ 1.1 ሊትር ይላል ሻምበል። የወጣው ግን አንድም አይሞላ።»

«የጎደለውን መጽሐፉ ጠጥቶት ይሆናላ።»

መጽሐፉ አልጠጣውም፤ ሞተሩ ነው ያስቀረው። የማፍሰሻው ብሎን ሲከፈት የሚወርደው ዘይት ሁሉም አይደለም። በፍሪሲዮኑ ቤት፣ በማርሾቹ መካከል፣ በቀጫጭኑ የዘይት መተላለፊያዎች ውስጥ የሚቀር አለ፤ ግማሽ ቀን ብትጠብቁትም አይወርድም። የሚወጣው ሞተሩ ተፈትቶ ሲታጠብ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ አምራች ሁለት ቁጥር ይጽፋል፤ አንዱ ዘይት ሲቀየር፣ ሁለተኛው ሞተሩ ተፈትቶ ሲገጠም። ሆንዳ ሲጂ 125 ለሚባለው ሞተሩ 0.9 ሊትርና 1.1 ሊትር ብሎ ለየብቻ ያስቀምጣል።

ሲጂ 125ን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም፤ የእኔ ሞተር የእሱ የልጅ ልጅ ነው። ታሪኩም ደስ ይላል። የሆንዳ መሐንዲሶች ሞተር ሳይክል እንደ አህያ ወደሚጫንባቸው አገሮች ሄደው ሰዉ እንዴት እንደሚይዘው ተመለከቱ። ባለሞተሮቹ ዘይቱን በጊዜው አይቀይሩም፤ ይጨምሩበታል እንጂ። የዚያ ዘመን የሆንዳ 125 ካምሻፍቱ ከላይ፣ ከሞተሩ ራስ ላይ የተቀመጠ ነበረና ንጹሕ ዘይት ካላገኘ ቶሎ ይበላል። መሐንዲሶቹ ባለሞተሮቹን ከመቀየር ሞተሩን መቀየር ይቀላል አሉ፤ ካምሻፍቱን ወደ ታች አወረዱት፣ ቫልቮቹን በረዣዥም ዘንጎች እንዲገፋ አደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽም ለገበያ አቀረቡት። በኋላ የቻይና ፋብሪካዎች ቀዱት፤ እያሳደጉም ባለ 150፣ ባለ 200 አደረጉት። እንግዲህ የእኔ ሞተር ዘር ማንዘሩ መጽሐፍ ለማያነብ ሰው ታስቦ የተሠራ ነው። ከፊቱ ብሎኬት ላይ መጽሐፍ ዘርግቼ ስቀመጥ ምን እንደተሰማው እንጃ።

ቀጂዎቹ ሞተሩን ሲቀዱ ብዙ አላጠፉም። መጽሐፉን ሲቀዱ ግን ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ መንገድ ላይ ጠፋ። የጠፋው ደግሞ ዘይት በተቀየረ ቁጥር የምንፈልገው ነው፤ የተረፈው ሞተሩ በዕድሜው አንዴ ሲፈታ የሚያስፈልገው።

200 ሚሊ ሊትር ቢበዛ ምን ይጎዳል የሚል ይኖራል። ሻምበል እንኳ «ዘይት በዝቶበት የሞተ ሞተር አላየሁም» አሉኝ። እኔ ግን ሲያስነጥሰው አይቻለሁ። ዘይቱ ከመጠን ሲያልፍ የሚሽከረከሩት ዕቃዎች እየመቱ አረፋ ያደርጉታል፤ አረፋ ደግሞ ብረትን ከብረት አያስታርቅም። ትርፉ በመተንፈሻው ወጥቶ የአየር ማጣሪያውን ያጨቀየዋል፤ በጎሚኒዎቹ በኩልም ላብ ላብ ይላል።

ታዲያ ዳኛው ማነው ከተባለ በሞተሩ ቀኝ በኩል ያለው መለኪያ ዘንግ ነው። ሁለት ምልክት አለው፤ ዘይቱ በሁለቱ መካከል፣ ወደ ላይኛው ጠጋ ብሎ መገኘት አለበት። ቀላል ይመስላል አይደል? የሰፈራችን ሞተር ጠጋኝ ልጅ ብሎን ሊዋስ የመጣው በዚህ ሰዓት ነው። ዘንጉን ጠርጌ ሳስገባ አየና «ታስሮ ነው የሚለካው» አለ። ሻምበል «ሳይታሰር ነው» አሉ። ልጁ ታስሮ፣ ሻምበል ሳይታሰር፤ ድምፃቸው ከፍ ሲል በመንገድ የሚያልፉ ሴትዮ ቆም ብለው «ማን ታሰረ?» ብለው ጠየቁ።

ወደ መጽሐፉ ዞርኩ። «ዘንጉን አስገብተው ይመልከቱ» ይላል። አጠገቡ ሥዕል አለ፤ ሥዕሉ ላይ አንድ እጅ አለ፤ እጁ እያስገባ ይሁን እያወጣ አይታወቅም።

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም የሚሉት ያለ ነው። ዘንጉ ታስሮ እንዲለካ የሚያዙ አምራቾች አሉ። በሲጂ ዘሮች ግን ዘንጉ ተጠርጎ፣ ሳይታሰር፣ ክዳኑ በቀዳዳው አፍ ላይ እንዳረፈ ነው የሚነበበው። ልዩነቱ የክዳኑ ጥርስ ርዝመት ነው። ሲታሰር ዘንጉ በዚያው መጠን ጠልቆ ይገባና ከእውነተኛው የበለጠ ዘይት ያሳያል፤ ባለሞተሩም ሞልቷል ብሎ ጎደሎ ይነዳል። በጎን መቆሚያ አቁሞ መለካት ደግሞ ተቃራኒውን ያመጣል። ሞተሩ ወደ ግራ ሲጋደም ዘይቱም ወደ ግራ ይሄዳል፤ መለኪያው ያለው በቀኝ ነውና ጎደለ ይላል፤ ባለሞተሩም ይጨምራል። ታስሮ፣ በጎን መቆሚያ የለካ ሰው ሁለቱ ስሕተቶች ተጣፍተውለት በትክክል ሊሞላ ይችላል። ብዙዎቻችን የምንነዳው በዚህ ዓይነት ቸርነት ይመስለኛል።

ሞተሩን በመሐል መቆሚያው አቁሜ፣ ጥቂት አስነሥቼ፣ አጥፍቼ፣ ዘይቱ እስኪወርድ ጠብቄ፣ ሳላስር ለካሁ። 0.9 ላይ ልክ ሆነ። በክርክሩ ሻምበል ረቱ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን የሚገቡት ሳያንኳኩ ነው።

የዘይት ፊልትሮው ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። ማኑዋሉ በየሁለተኛው የዘይት ቅያሪ ፊልትሮውን ለውጥ ይላል። መለዋወጫ ሱቅ ሄጄ የሞተሩን ስም ነግሬ ጠየቅኩ። ባለሱቁ መደርደሪያውን ቃኘና «አልቋል፤ ማክሰኞ ይገባል» አለኝ። ማክሰኞ ሄድኩ። ለሐሙስ ተቀጠርኩ። በመካከሉ ሞተሩን ከላይ እስከ ታች ብፈልግ ፊልትሮ የሚገባበት ቦታ የለውም። የሲጂ ሞተር ተለዋዋጭ የወረቀት ፊልትሮ ኖሮት አያውቅም። ያለው የሽቦ ወንፊትና ዘይቱን እያሽከረከረ ቆሻሻውን ወደ ጠርዙ የሚወረውር ክብ ዕቃ ነው፤ ሁለቱም አልፎ አልፎ ተከፍተው ይታጠባሉ እንጂ አይገዙም። ሐሙስ ሳልሄድ ቀረሁ። ባለሱቁ ግን ሳምንቱን መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ገብቷል» አለኝ።

ቀጥሎ ስለ ኩላንት ሙሉ ገጽ አለ። ራዲያተሩ ትኩስ ሳለ ክዳኑን አትክፈት፣ ውሃው በሁለቱ መስመሮች መካከል መሆኑን አረጋግጥ፣ የቧንቧ ውሃ አትጨምር፤ ሁሉም ሸጋ ምክር ነው። የእኔ ሞተር ግን የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። ራዲያተር የለውም። ገጹን ለሻምበል ሳነብላቸው በጥሞና አዳመጡና «አትጣለው፤ ሲያድግ ያበቅል ይሆናል» አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የበራልኝ። የዚህ ሞተር በውሃ የሚቀዘቅዝ ወንድምም አለ፤ ባለ ሦስት እግር ጭነት ተሽከርካሪዎች ላይ ይገጠማል። አምራቹ ለወንድማማቾቹ ሁሉ አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ለየትኛው እንደሚናገር ሳይነግረን አለፈ። እንግዲህ መጽሐፉ በሐሰት አይከሰስም። ያለው ከሞላ ጎደል ሁሉ በአንዱ ሞተር ወይም በሌላው ላይ እውነት ነው። የእኛ ሥራ የትኛው አረፍተ ነገር የማን እንደሆነ መለየት ነው፤ ንብረት ሳይከፋፈሉ የተለያዩ ባልና ሚስት ቤት ገብቶ ዕቃ የመለየት ያህል ያደክማል።

ለማንም ወንድም የማይሆን ቁጥርም አልጠፋም። የማፍሰሻው ብሎን በ24 ኪሎ ግራም ሜትር ኃይል ይጥበቅ ይላል። ይህን ቁጭ ብዬ አሰብኩት። 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው መንጠልጠል ማለት ነው። ነጥቧ ተዘላ ይሆናል እንጂ 2.4 ለማለት ነበር፤ በዚያው ቁልፍ ጫፍ 8 ኪሎ ገደማ፣ ሙሉ ሰው ሳይሆን የአንድ ክንድ ሥራ። 24 የሚለውን ለጠጋኙ ልጅ ሳሳየው ፊቱ በራ። «አየህ ፋዘር፣ በእግር ነው ይላል!» የጋራዡ ልጅ ይህን መጽሐፍ ያነበበ ይሆን ብዬ ለአፍታ ተጠራጠርኩ።

ፍርድ ሚዛናዊ ይሁን ከተባለ መጽሐፉ አንድ ትልቅ ውለታ ውሎልኛል። በደቃቅ ፊደል፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ድረስ ከሚዘረዝር የሙቀት ሰንጠረዥ ሥር (ባሕር ዳር ያን ያህል ከቀዘቀዘች የሚያሳስበን ዘይት አይሆንም) ዘይቱ «ጃሶ ኤም ኤ» የሚል ምልክት ይኑረው ይላል። ባለሱቁን ጃሶ ስለው «ጄሶ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነው» ብሎ በጣቱ ወደ ማዶ አሳየኝ። ጃሶ ኤም ኤ ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ ነው። በመኪና ውስጥ ፍሪሲዮኑ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፣ ካምቢዮውም የራሱ ዘይት አለው። በእንደኔ ባለ ሞተር ሳይክል ግን ሞተሩ፣ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው አንድ ዘይት ይካፈላሉ። ነዳጅ እንዲቆጥብ ተብሎ ማለስለሻ የበዛበት የመኪና ዘይት እዚህ ከገባ ፍሪሲዮኑንም ያለሰልሰዋል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው ይለግማል። በዚህ ጉዳይ ባለሱቁም፣ ልጁም፣ ኡራል ያሳደጋቸው ሻምበልም «ዘይት ዘይት ነው» ብለው በአንድ ድምፅ ተቃውመውኛል። እኔ ከመጽሐፉ ጋር ቆሜያለሁ።

የፍሬን ዘይት ላይ ስደርስ ቀልዴን ሰብሰብ አደረግኩ። መጽሐፉ አንድ ገጽ ላይ ዶት 3 ይላል፣ ሌላ ገጽ ላይ ዶት 4። በእጅ ፍሬኑ በኩል ያለችው የዘይት ዕቃ ክዳን ላይ ደግሞ ዶት 4 ተብሎ ብረቱ ላይ ተቀርጿል። ወረቀትና ብረት ሲጣሉ ብረቱን ነው የማምነው፤ ክዳኑ የተሠራው ለዚያ ፍሬን እንጂ ለወንድማማቾቹ አይደለም። ሁለቱ ዘይቶች በዘር አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው የሚፈሉበት ሙቀት ነው። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ 205 ዲግሪ፣ አዲስ ዶት 4 ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ግን ሁለቱም ከአየር እርጥበት ይጠጣሉ፤ በእርጥበት ሲያረጁ ደረጃው ወደ 140ና 155 ይወርዳል። በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ የሚባለው ለዚህ ነው። ከደጀን ወይም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ሰው የፈላ የፍሬን ዘይት ምን እንደሚያደርግ ቢያውቅ ጥሩ ነው። እንፋሎቱ ይታመቃል፤ እጀታው ያለ ምንም ተቃውሞ እጁ ውስጥ ይገባል፤ ቁልቁለቱ ግን ይቀጥላል።

ጠጋኙ ልጅ የተረፈውን የሞተር ዘይት አየና «እሱን ብትጨምርበትስ?» አለ። የሞተር ዘይት የፍሬንን ጎሚኒ ያሳብጠዋል፤ ያበጠ ጎሚኒ ወይ ፍሬኑን ይነክሳል ወይ ጨርሶ ይለቀዋል። ይህን ስነግረው «እሺ ፋዘር» አለ፤ የሰዎችን ፍሬን በምን ሲሞላ እንደኖረ ግን ልጠይቀው አልደፈርኩም። ዶት 5 የሚል ካገኛችሁም እንዳትገዙ፤ ቁጥሩ ቢበልጥም በሲሊኮን የተሠራ ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። ነዳጅ ጋኑ ላይ ጨርቅ ጣል ማድረግ አትርሱ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል።

የፊት አሞርዛተሩን ዘይት ለጊዜው ትቼዋለሁ። መጽሐፉ አንድ ቁጥር ሰጥቶ ለአንዱ እግር ይሁን ለሁለቱ ሳይናገር አልፏል።

አሮጌው ዘይት ሳፋው ውስጥ ቀርቶ ነበር። ወደ ቦዩ ድፋው የሚል ምክር ከአንድ ወገን መጣ፤ ቦዩ ግን ወዴት እንደሚወርድ ጣና ዳር የሚኖር ሰው አይጠይቅም። ሻምበል ለአጥራቸው ፈለጉት። የተቃጠለ ዘይት የተቀባ እንጨት ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም። ከመሄዳቸው በፊት ሳፋውን ዘንበል አድርገው መጠኑን አዩና «መጽሐፍህ እንዳለው 1.1 ቢሆን ኖሮ አንድ ቋሚ ይጨምርልኝ ነበር» አሉ።

አሁን ለአስመጪዎች አንድ ልመና አለኝ። መጽሐፉን ሁሉ ተርጉሙ አልልም፤ ወጪ ነው፣ ማንም አያነበውም። አንዲት ገጽ ብቻ በአማርኛ አትማችሁ ከመቀመጫው ሥር ለጥፉልን። ዘይት ሲቀየር ስንት ይገባል፤ መለኪያው ታስሮ ነው ወይስ ሳይታሰር፤ ፊልትሮ አለው ወይስ የለውም፤ የፍሬኑ ዘይት የትኛው ነው፤ ብሎኑ በእጅ ነው ወይስ በእግር። ገጹን የሚጽፍ ሰው ከጠፋ እኔ በነጻ እጽፋለሁ። ብቻ የትኛው ሞተር እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሩኝ።